ስሙን ሸፍነህ አሳየኝ

ጥቅምት 6

ልጄ፣

ደህንነትሽን ስልኩ ላይ ሰምቻለሁና እሱን ልለፈውና ወደ ክርክራችን ልግባ። የቀኝ ጆሮዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ግራው ደግሞ እናትሽ አጠገቤ ከቆመች እሷን ብቻ ነው የሚሰማው። ስለ እሷ እየጠየቅሽኝ እሷ ክንዴን ይዛ «ምን አለች? ምን አለች?» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስልሽ? ከእንግዲህ የእናትሽን ነገር በደብዳቤ እናድርገው።

ሳሏ አለ፣ ሌላ ነገር የለም። ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ጉንፋኑ ሲሄድ ሳሉ ቀረ። እንደ ማንኛውም በሽተኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ ጀርባዋን ከላይ እስከ ታች አዳምጫለሁ። ትኩሳት የለም፣ ደም የለም። ክብደቷ እንደሆነ ቀሚሶቼ ጠበቡኝ እያለች ነው። ሲጋራ በዕድሜዋ አፏን ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ለምን ራጅ አላስነሳኋትም? ስላላስፈለጋት ነው። «አባዬ፣ አንተ ሚስትህን እንኳ» ብለሽ ያቋረጥሽውን ሰምቻለሁ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ጆሮዬ ደህና ነው።

አዲስ ሐኪም እንደመጣልን ነግሬሻለሁ መሰለኝ። ክፍሉ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ስለሆነ በሮቻችን ይተያያሉ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ትሑትም ነው፣ ግን የመጣውን ሁሉ ራጅ ያስነሳል፣ ደም ያስቀዳል፣ አምና ምድር ቤት ወደገባው ሲቲ ስካን ይልካል። ሰዉ «ፎቶ አንሺው» ብሎታል። እኔን «ዶክተር ያልፋል» ነው የሚሉኝ፣ ፊት ለፊቴ የሚሉኝም አሉ። ወገቡን ያመመው አናጢ ኮሪደሩ መሃል ይቆምና በሮቹን አማርጦ ያያል። ፎቶ ካማረው ወደዚያ፣ ቤቱ መመለስ ካማረው ወደ እኔ። የወገቡ ሕመም ያው ነው፣ የሚደረግለት ግን እንደተሰለፈበት በር ይለያያል።

ሁለታችንም ያነበብነው አንድ መጽሐፍ ነው። እሱ ግን የተማረው ማሽን በየፎቁ ባለበት ቤት ነው፣ እኔ አንድ ራጅ ለማስነሳት ከመምህሬ ጋር ግማሽ ቀን መሟገት ነበረብኝ። መምህሬ «መልሱ ቢመጣ ምን ታደርግበታለህ?» ይለን ነበር፣ መልስ ያጣ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ምስጢር ያለው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አስተምሬዋለሁ፣ አንቺንም ያስተማርኩሽን። ፎቶ ይዞ ሊያማክረኝ ሲመጣ «ስሙን ሸፍነህ አሳየኝ» እለዋለሁ። የማን መሆኑን ካወቅኩ፣ ዘመድ ይሁን ነገረኛ፣ ባለሥልጣን ይሁን ጎረቤት፣ ዓይኔ ማዳላቱ አይቀርም። መጀመሪያ ላይ ሳቀብኝ። አሁን ሳልጠይቀው በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ይመጣል።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ይህን ስጽፍ «ስለ እኔ ነው?» ብትለኝ ስለ አየሩ ነው አልኳት።

አባትሽ


ጥቅምት 24

አባዬ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ባለፈው ስልኩ ሲቋረጥ የመስመሩ ችግር አልነበረም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ዘግቼውም አልቀለለኝም።

«እናንተ ግን ምን ሆናችሁ ነው ሁሉን የምታዙት?» ላልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። እዚህ ስፔሻሊቲ በምማርበት ሆስፒታል በሽተኛው የሰው ፊት ከማየቱ በፊት ማሽን ያያል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ቀድሞት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አለቃችን በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ያዘዝነውን አይጠይቀንም፣ ያላዘዝነውን ነው። «ለምን አላየሽም?» ተብሎ ሰው ፊት ቆሞ የተዋረደ ብዙ ሰው አውቃለሁ። «ለምን አየሽ?» የተባለ አላውቅም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ እጅ ምርመራ ሳያዝዝ አይውልም፣ አባዬ።

እንድትስቅ አንድ ነገር ላጫውትህ። የሕፃናት ክፍላችን ሁለት ክንፍ አለው። በግራው ክንፍ የገባ ልጅ ቶንሲሉን ይዞ አይወጣም፣ እዚያ ያለው ሐኪም መቁረጥ ይወዳል። በቀኙ ያለችው ደግሞ ጉሮሮ አይታ፣ ጉንጭ ቆንጥጣ ትሸኛለች። በዚህ ግቡ፣ በዚያ ግቡ እያለ የሚመድበው በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው። ነርሶቹ ዘበኛውን «ዋናው ስፔሻሊስት» ይሉታል። እኔም ስቄ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን እማዬን አስታወስኳት፣ ሳቄም ጠፋ። እሷ በር መርጣ አልተሰለፈችም እኮ፣ የአንተ ሚስት ስለሆነች ብቻ ነው ያንተ በር የደረሳት።

ደግሞ ያልነገርኩህ አለ። አምና የእማዬ እኩያ የሆነች ልብስ ሰፊ በሳል መጣችብኝ። ሳል ብቻ ነበር፣ እንዲያውም ስትስል ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። ሌላ ሐኪም ቀላል ነው ብሎ ለብዙ ጊዜ ሽሮፕ ሰጥቷታል። እኔ ጋ ስትደርስ የሳንባ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያስል ሰው ባየሁ ቁጥር የማየው እሷን ነው። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አንዲት ሴት የሁሉ ሰው መለኪያ ልትሆን አትችልም። ግን የእጄን ነገር ጠይቀኸኛልና እጄን የሚያዘው ይህ ነው።

ለእማዬ ለብቻዋ የታሸገ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። የሴቶች ጉዳይ ስለሆነ እባክህ አትክፈተው።

ልጅህ


ኅዳር 19

ልጄ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየውና በቀጥታ ልንገርሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ፎቶ አንሺው ወደ ክፍሌ መጣ። ሲቲ ስካን ይዟል፣ አውራ ጣቱ ስሙ ላይ ነው። «ሴት ናት፣ ስልሳን አልፋለች፣ ሳል አላት፣ አታጨስም» አለኝ። ቀኝ ሳንባዋ ላይ ሽምብራ የምታክል ነገር አለች፣ ጠርዟ ለስላሳ። መርፌ አስገብተው ናሙና እንዲወስዱላት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልላካት ወይ ነው ጥያቄው። መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁት፣ ብዙም አልቆየሁበት። «ተዋት» አልኩት። «እንዲህ ያለው አብዛኛው የቆየ ጠባሳ ነው። ሳንባ ውስጥ መርፌ መክተት ቀልድ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ደግመህ አንሳት፣ ካላደገች እሰየው።» አመስግኖኝ ሄደ፣ እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ ምሳ ላይ እናትሽ ሳህኗን ገፋ አድርጋ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እንዳትቆጣ» አለችኝ። «እናንተ ሆስፒታል ከዚያ ልጅ የሚበልጠው ትልቅ ሐኪም ማነው?»

«እኔ ነኛ» አልኳት እየሳቅኩ።

«ቀልዱን ተው። ልጁ አንድ ትልቅ ሐኪም አማክሬ ተዋት ብለውኛል አለኝ። ሰውዬው የሚታመን ነው?»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። ለካ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ በጓሮ በር ገብታ፣ የካርድ ክፍሏን ልጅ አስምላ፣ ጀርባዋን ለእኔ በር ሰጥታ ፊት ለፊት ተሰልፋለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ሰው ሁሉ ተመርምሮ እኔ ብቻ በእጅ ተዳስሼ ልቅር?» አለችኝ። ልጅሽ ናት የመከረችሽ ብላት ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። መልሷ እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ልጁ ጥፋት የለበትም። እናትሽን አይቷት አያውቅም፣ ካርዷም ላይ ያለው የአባቷ ስም ነው።

ምሳዬን ትቼ ሄድኩ። ፎቶውን አምጣ አልኩት። ያቺው ሽምብራ፣ ያው ለስላሳ ጠርዝ ነው። ለእኔ ግን ሻካራ ሆኖ ታየኝ፣ እየቆየሁ ባየሁት ቁጥር ደግሞ ይብሱን ይሻክራል። «ለመርፌው ጻፍላት፣ ዛሬውኑ» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ከትናንት ወዲያ ተዋት ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ።

«ያኔ የሰው ሚስት ነበረች» አልኩት።

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ልጁ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንቱን የሰው ሚስት፣ ስንቱን የሰው እናት ተዋት ብዬ እንደሸኘሁ ማሰብ አልፈልግም። የመጀመሪያው መልሴ ልክ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፣ ግን እናትሽ ላይ ልፈርደው አልቻልኩም። ፈርቻለሁ፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

የመርፌው ቀጠሮ ገና ወር ስለሚቀረው ፎቶውን ልኬልሻለሁ። አንቺ ፍረጂ። በዚያች የታሸገች ወረቀት ምን ብለሽ እንደጻፍሽላትም ንገሪኝ፣ ለመቆጣት ሳይሆን ለማወቅ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 2

አባዬ፣

የጻፍኩላት ይኸው ነው፦ «እማዬ፣ አባዬ ያልፋል ሲልሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪው። ፊት ለፊቱ ወዳለው በር ሂጂ። እሱ እንዳያውቅ።» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለበትም። ከጀርባህ መሆኑ ያሳፍረኛል፣ መጻፌ ግን ያሳፍረኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ፎቶውን ስሙን ሸፍኜ ለሦስት ባልደረቦቼ አሳየሁት። የመጀመሪያው ሳያመነታ መርፌ አለ። እሱ ድሮም መርፌ ነው የሚለው፣ እጁ ለዚያ የተባረከ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚችልበትን ሥራ መሥራት ይወዳል። ሁለተኛዋ ጠብቁ አለች፣ ቃል በቃል አንተ ያልከውን። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ነው። ፎቶውን ብዙ አገላብጦ አየና «የማን ነው?» አለኝ። የማንም አይደለም አልኩት። «የማንም ካልሆነ ጠብቂ።» የእኔ ሰው ከሆነስ ብዬ ስጠይቀው ፎቶውን መልሶ ሰጠኝ፣ ቦርሳውንም አንስቶ ወጣ። አንዱም አላዋቂ አይደለም፣ ሦስቱም የማከብራቸው ሰዎች ናቸው።

ፍረጂ ብለኸኛል። ጭንቅላቴ ጠብቁ ይላል፣ ስትከራከረኝ የኖርከውም ይህንኑ ነው። ግን ያቺ ልብስ ሰፊ ከፊቴ አልሄድ አለች። ጠብቁ ብዬ ጽፌ ቀደድኩት፣ አድርጉት ብዬ ጽፌም ቀደድኩት። አባዬ፣ አንተ እንዳልክ ይሁን። ይህ ፍርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሸክሙን መልሼ ትከሻህ ላይ መጣሌ ነው። ይቅር በለኝ።

የማጠቃለያ ፈተናዬ ደርሷል። የሆነ ነገር ካለ ግን ጥዬው እመጣለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ በለኝ።

ልጅህ


ጥር 3

ልጄ፣

ስልኩን ያላነሳነው ቤት ስላልነበርን ነው፣ ጎረቤታችን «ሆስፒታል ናቸው» ብላ ማስደንገጧን ሰማሁ። የምትደነግጪበት ነገር የለም። መርፌው ሲገባ ሳንባዋ ትንሽ አየር አፈሰሰ፣ የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ደረቷ ውስጥ ትንሽ ቱቦ አድርገውላታል። እየበላች ነው። ትናንት ከጎኗ ላለችው በሽተኛ ስለ አንቺ ስታወራ ነው የዋለችው።

እኔም እዚህ ትልቁ ሆስፒታል አጠገቧ ነኝ፣ የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ግን ያስወጡኛል። ዘበኛውን ሐኪም ነኝ ብለው «አባባ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው» አለኝ። ደረጃው ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያ እቀመጣለሁ።

አትምጪ፣ ፈተናሽን ጨርሺ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። ውጤቱን ደግሞ አትጠይቂኝ፣ ሲኖር እነግርሻለሁ።

አባትሽ


የካቲት 21

ልጄ፣

ፈተናሽን በማለፍሽ እንኳን ደስ አለሽ። እናትሽ እልል ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። «የደበቅከኝ ነገር አለ» ላልሽኝ፣ አዎ፣ አለ።

ቱቦው መግል ያዘ። በየሳምንቱ ሐኪም ይቀያየራል፣ አንዱ ቱቦው ይውጣ አለ፣ የሚቀጥለው ማነው ያወጣው ብሎ መልሶ አስገባው፣ ሦስተኛው ደረቷ ይከፈት አለ። እኔ አልጋው እግር ሥር ቆሜ ሁሉንም እሺ ስል ከረምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ «እርስዎ እንዳሉ» ሲለኝ የተስማማ ይመስለኝ ነበር። ሌላ የሚለው ስላጣ እንደሆነ እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ። ደረቷ ተከፈተ። የሳንባዋ የታችኛው ክፍል ተጣብቆ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ለፈተናሽ ብዬ ደበቅኩሽ፣ ይቅር ባትይኝም አልፈርድብሽም።

አሁን ቤት ናት። ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ መሃል ላይ ታርፋለች፣ ለዚያ ብዬ መተላለፊያው ላይ ወንበር አኑሬላታለሁ። ደረጃ መውጣት ቀርቷል። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። ይሻላታል ይሉኛል፣ እኔ ግን ጀርባዋን አዳምጫለሁ፣ ከታች በኩል ምንም ድምፅ የለም።

ውጤቱ የመጣው ገና ቱቦ ላይ ሳለች ነበር። ጠባሳ ነው። ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ፣ የዳነ ጠባሳ። ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። «ምን ይላል?» አለችኝ። በዚያ ሁኔታዋ ላይ ምንም አልነበረብሽም ልበላት? «መጥፎ ነገር ነበር፣ በጊዜ ተገኘ፣ አወጡት» አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት ነው። «አየህ፣ ባልሄድ ኖሮ ሞቼ ነበር» አለችኝ።

ለጠያቂው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። ትንፋሽ እያጠራት፣ እያረፈች፣ «ልጄ በደብዳቤ፣ ባሌ በመርፌ አዳኑኝ» ትላለች። ፎቶ አንሺው ሊጠይቃት መጥቶ ይህን ሲሰማ ጫማውን እያየ ተቀመጠ፣ እሱ እውነቱን ያውቃል። አሁን ማንንም ወደ ማሽን አይልክም አሉ። እኔ ደግሞ የሚያስል ሁሉ ራጅ እንዲነሳ እጽፋለሁ። በአንዲት ሴት ሁለታችንም ተበላሽተናል፣ በሽተኞቻችን ግን አያውቁም።

ልትጽፍልሽ ወረቀት አስገዝታኛለች። አንቺም እኔ እንዳልኳት ጻፊላት። ትንፋሿን ወስደንባታል፣ ይህችን እንኳ እንተውላት። አባትሽ ለምኖሽ አያውቅም፣ አሁን ግን እለምንሻለሁ።

አባትሽ


መጋቢት 9

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንዱ መስመር ጠንከር፣ ቀጥሎ ያለው ፈዘዝ ያለ ነው፣ የት የት ላይ እንዳረፍሽ ከእሱ ገባኝ። ምርቃትሽን ሁሉ አነበብኩት፣ ለእኔ የሚገባ ምርቃት ግን አይደለም።

ስለ አክስቴ የጻፍሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እሷም ሳንባዋ ላይ ትንሽ ነገር ታይቶባት ሐኪሟ ከወራት በኋላ ተመለሽ ብሏታል። አንቺ ግን «እኔን አታይም? አትጠብቂ፣ ተወጊ» ብለሽ በሚመጣው ሳምንት ልትልኪያት ተሰናድተሻል። እሷ ፈርታ እምቢ ስላለች፣ የዳንሽው በመርፌው መሆኑን ጽፌ እንዳሳምንልሽ ጠየቅሽኝ።

«አዎ እማዬ፣ እንኳን ተረፍሽልን» የሚል ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። አባዬ እንደዚያ እንድጽፍልሽ ለምኖኛል። ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ አክስቴ ደብዳቤዬን ይዛ አንቺ የተኛሽበት አልጋ ላይ ስትተኛ ታየችኝና ቀደድኩት።

እሷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሟም አያውቅም፣ ለዚህ ነው ጠብቂ ያላት። መጠበቁ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ስህተትም ሊሆን ይችላል፣ እኔም ሆንኩ አባዬ ልንምልላት አንችልም። መርፌውም አንድ ቀን ያስፈልጋት ይሆናል። ግን አንቺን አይታ፣ እኔ ጽፌላት፣ መሄድ የለባትም።

አባዬን አትቆጪው። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ልክ ይፈርድ ነበር፣ አንቺ ስለሆንሽ ፈራ። ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ፍረጂ ሲለኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። በሚያዝያ እመጣለሁ፣ የምትይኝን ሁሉ ፊቴ ላይ በይኝ።

አሁን ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ አባዬንም ጥሪው።

እማዬ፣ ከሳንባሽ የወሰዱት በሽታ አልነበረም። የዳነ፣ የቆየ ጠባሳ ነው። ባትሄጂ ኖሮ ዛሬም ደረጃውን ትወጪ ነበር። ምንም አልነበረብሽም።

ልጅሽ